ከጉና ራስጌ እስከ ጣና ዳር

ታቦር የሚለው ስም ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ነቢይቱ ዲቦራ ባርቅን ሠራዊቱን ይዞ ወደዚያ ተራራ እንዲወጣ ስታዝዘው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 እናነባለን። ጌታ በሦስቱ ደቀ መዛሙርት ፊት መልኩ የተለወጠበትን ተራራ ግን ወንጌላውያኑ በስም አይጠሩልንም፤ ከፍ ያለ ተራራ መሆኑን ብቻ ይነግሩናል። ታቦር ነው የሚለው ከጥንት የወረደ ትውፊት ነው። በአገራችን ያንን ስም የያዘችው ደብረ ታቦር በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ ቆረቆሯት፤ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አደረጓት፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ተቀምጠውባታል።

ባለቤቴና እኔ ወደዚያ የሄድነው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ መጋቢ ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ሐኪም ዕረፍት ስላዘዘለት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «ስብከት የለ፣ ኮንፈረንስ የለ፤ ሁለታችሁ ብቻ ሂዱ» ብለው አንድ ሳምንት ሰጡን። በ22 ዓመት ትዳራችን ከአገልግሎት ጋር ያልተያያዘ ጉዞ ስናደርግ የመጀመሪያችን ነበር። ባለቤቴ ያደገው በቆላ ስለሆነ ተራራ ይናፍቃል፤ እኔ ደግሞ ውሃ እወዳለሁ። ስለዚህ ጉና ተራራን አይተን፣ በጣና ዳር አርፈን ልንመለስ ተስማማን።

በልባችን ግን ከዕረፍቱ የከበደ ጥያቄ ነበረ። ባለቤቴ የጉባኤውን ዋና መጋቢነት እንደያዘ ይቀጥል ወይስ ለሌሎች ያካፍል? ሁለታችንም ስለዚህ ጉዳይ እቤት ውስጥ ማውራት ከብዶን ነበር። ስልኩ ይጮሃል፣ በሩ ይንኳኳል፣ የታመመ ይጠራል፣ የተጣላ ይመጣል። የአገልጋይ ቤት የምታውቁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ።

የቻይና መንገድ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዓባይን በረሃ በጎሃ ጽዮን ወርደን በደጀን ወጣን፤ ጎጃምን አቋርጠን ማታ ባሕር ዳር ገባን። በማግሥቱ በሚኒባስ ወደ ሰሜን ተጓዝንና ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በደርግ ዘመን የቻይና መሐንዲሶች ስለሠሩት ነው።

ወረታ ያለችው በፎገራ ሜዳ ነው። ሜዳው በጣና ምሥራቃዊ ዳር የተዘረጋ ነው፤ በቀንድ ከብቱ የታወቀ ነበረ፤ ከደርግ ዘመን ወዲህ ደግሞ በሩዙ ታውቋል። እኛ ስናልፍ ሩዙ ፍሬ ይዞ ወደ ቢጫነት እየሄደ ነበር። ከወረታ ደብረ ታቦር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በዚያች አጭር መንገድ አገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ሩዙ ቀርቶ ጤፍ ይመጣል፤ ጤፉ ቀርቶ ስንዴ፣ ገብስና ድንች ይተካል። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ሰዎች መስኮት መዝጋት ጀመሩ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ባለቤቴ ጋቢውን ከሻንጣ አወጣ።

ያረፍነው በአንድ አማኝ ቤተሰብ ዘንድ ነው። በደቡብ ጎንደር ከሕዝቡ ከ95 በመቶ በላይ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነው። ወንጌላውያን አማኞች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ጥቂትነታቸው ግን ከጎረቤት አላቆራረጣቸውም። አስተናጋጃችን፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት፣ ቡናውን አቅርበው የገብስ ቆሎ በሰፌድ ሲያዞሩ ከጎናቸው የተቀመጡት ነጠላቸውን ያጣፉ ጎረቤታቸው ነበሩ። «እሳቸው ለፍልሰታ ሲጾሙ እኔ ሥጋ አላሸትም፤ እኔ ደግሞ ስታመም ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው» አሉኝ። የከተማ ሰው በስብከት የሚሰማውን እዚህ በቡና ዙሪያ አየሁት።

ጋፋት፦ ከመድፉ ጀርባ የነበሩ

ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ ጋፋት የሚባል ኮረብታማ ስፍራ አለ። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሴባስቶፖል የሚባለውን መድፍ ያውቃል፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉ የተሠራው እዚህ ጋፋት ነው። ለእኛ ለወንጌላውያን አማኞች ግን የጋፋት ታሪክ ከመድፉ ይቀድማል።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት፣ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተማሩ ወጣት የእጅ ባለሙያዎችን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በእጃቸው ሥራ እየኖሩ የእግዚአብሔርን ቃል ለሕዝቡ እንዲያደርሱ። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1856 ደረሱ፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከተሉ። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነበር። ይህንን የተረጎመው ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ ነው፤ ሥራውን በካይሮ ከጨረሰ በኋላ በእንግሊዝ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ዐፄ ቴዎድሮስ እነዚህን ሰዎች ወደዷቸው። የወደዱት ግን ከሁሉ በላይ እጃቸውን ነው። መንገድ እንዲሠሩ፣ ጠመንጃ እንዲጠግኑ፣ በመጨረሻም መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። አንዳቸውም መድፍ መሥራት አልተማሩም ነበር። ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሆነው ሴባስቶፖል ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ፊት ለፊቱ መንገድ እየተቆፈረለት፣ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ መቅደላ ወጣ። በሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ ግን ያን ሁሉ የደከሙለትን ሥራ አልሠራም። ዛሬም እዚያው መቅደላ አለ።

ስፍራው ላይ ቆመን ባለቤቴ ስለ መድፉ ሲያስብ፣ እኔ ስለ አንዲት ሴት አስብ ነበር። ማርቲን ፍላድ የሚባል ሚስዮናዊ በዚያው ዘመን በቤተ እስራኤል መካከል ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ አስይዘው ወደ እንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ላኩት። እንዳይቀር ሚስቱን ፓውሊንንና ልጆቹን መያዣ አደረጓቸው። ፍላድ ለንደን ደርሶ መልእክቱን አድርሶ፣ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ተመለሰ። ማምለጥ የሚችል ሰው ወደ እስር አገር የተመለሰው ቤቱ እዚያ ስለነበረ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ስለ መልእክቱ ብዙ ይጽፋሉ። ያን ዓመት ልጆቿን ይዛ፣ በተቆጣ ንጉሥ ሰፈር፣ ባሏ ይመለስ አይመለስ ሳታውቅ ስለቆየችው ሴት ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መቅደላ ከወደቀ በኋላ ቤተሰቡ በሕይወት ወጣ።

አገልጋይ ተልኮ ሲሄድ የሚታየው ተላኪው ነው። ተላኪው እንዲመለስ የሚያደርገው፣ ተመልሶም የሚያሳርፈው ግን ቤቱ ነው። ይህን ጋፋት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ብዙ ቆይቶ «ነገ ጉና ላይ እናወራለን» አለኝ።

ጉና፦ የውሃው ራስጌ

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ በቻይናው መንገድ ተጉዘን፣ ክምር ድንጋይ ሳንደርስ በፊት በገጠር መንገድ ወደ ላይ ታጠፍን። መኪናው ከሚደርስበት በኋላ በእግር ነው። መንገድ የሚመራን የአካባቢው ገበሬ ነበር፤ ተራው ሲደርስ ተራራውንም ይጠብቃል። የጉና ከፍተኛው ክፍል የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ከልሎ የሚጠብቀውም፣ ሲጎዳ የሚጎዳውም ዙሪያውን የሚኖረው ሕዝብ ነው።

መጀመሪያ ያለፍነው የገብስና የድንች ማሳ ነው። ማሳው ከምንጠብቀው በላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቁልቁለቱ ላይ በሬ እንዴት እንደሚቆም ያስገርማል። ከዚያ አስታ መጣ፤ ከዚያም ጓሳው። ጓሳ ረጅም፣ ጠንካራ የደጋ ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል። በጓሳው መካከል እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ግንዱ እንደ ዛፍ፣ ቅጠሉ እንደ ዘውድ ሆኖ ለብዙ ዓመት ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ ሰው የሚያህል አበባ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። አንዳንዱ አበባ ይዞ፣ አንዳንዱ ደርቆ ቆሞ ነበር።

አየሩ ሲሳሳ እርምጃችን አጠረ። ሐኪሙ «ቀስ ብለህ» ስላለ በየሃምሳ እርምጃ እንቆማለን። መሪያችን አልቸኮለም። በአንዱ ዕረፍት ላይ ጓሳውን በእጁ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን እርጥብ አፈር አሳየን። ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። «እትዬ፣ ይኼ ከእግርዎ ሥር የሚንጠባጠበው ነገ ጣና ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ይነሳሉ፤ ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በሌላኛው ጎኑ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ክረምት ሙሉ የሚዘንበውን ዝናብ ጓሳውና ሥሩ እንደ ስፖንጅ ይይዙታል፤ በጋ ሲመጣ በጥቂት በጥቂቱ ይለቁታል። ስለዚህ ታች ቆላ ዝናብ ሳይኖር ወንዝ ይፈሳል። ጓሳው ታጭዶ ካለቀ፣ ከብት ረግጦ ካጠነከረው ወይም ማረሻ ከገባበት ግን ዝናቡ የሚይዘው የለም። አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በጋ ላይ ደግሞ ምንጩ ይደርቃል። ጎርፍም ድርቅም ከአንድ ቦታ ይመጣሉ።

«ታዲያ ለምን ይታረሳል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ልጅ በዛ፣ መሬት አነሰ። የራበው ሰው ወደ ላይ ያርሳል» አለ። ቀጥሎም «ላይ የተራቆተ እንደሆነ ታች ይደፈርሳል፤ ታች ያለው ሰው ግን ጥፋቱን እዚያው ታች ይፈልጋል» ብሎ ሳቀ። የተከለለው ቦታ ላይ ጓሳው ጉልበት ድረስ ሆኖ ነበር፤ ካልተከለለው ጋር ድንበሩ በዓይን ይለያል። መሬቱ እንዲያገግም የተደረገለት ነገር ለጊዜው መተው ብቻ ነው።

ባለቤቴ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነፋሱ ጋቢውን ያራግበዋል፤ ከበላያችን ቁራ ይዞራል። ስልካችን አይሠራም ነበር። ያን ጊዜ ነው ያወራነው።

«ለሰው ሁሉ ስፈስ ቆይቻለሁ፤ ማን እየሞላኝ እንደሆነ ሳልጠይቅ» አለ። ዋና መጋቢነቱን ከሁለት ወጣት አገልጋዮች ጋር ሊካፈል እንደሚያስብ፣ ነገር ግን ሰው «ደከመ» ይለኛል ብሎ እንደሚፈራ ነገረኝ። እኔም የምፈራውን ነገርኩት፤ የምፈራው ሰው የሚለውን ሳይሆን ልጆቻችን አባታቸውን በአልጋ ላይ እንዳያዩት ነው። አብረን ዘጸአት ምዕራፍ 18ን አሰብን። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ ሲውል አማቱ ዮቶር መጥቶ ሸክሙን እንዲያካፍል መከረው። ይህን ሁላችንም እንሰብከዋለን። የምንዘልለው የምዕራፉን መጀመሪያ ነው። ዮቶር ብቻውን አልመጣም፤ የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞለት መጣ። ምክሩ የመጣው ከቤተሰቡ ጋር ነው።

ተራራው ላይ ተያይዘን ጸለይን። መሪያችን ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀን፤ ስንጨርስ «አሜን» አለ። እኔም ሰማሁት፤ ባለቤቴም ሰማው። ቁልቁል ስንወርድ በረዶ ያዘንና ሦስታችንም በአንድ ጋቢ ተጠለልን።

በመንገድ ላይ አንድ መንደር

በማግሥቱ ወደ ጣና ስንመለስ ከዓለም በር ብዙ ሳንርቅ አውራ አምባን አየን። ይህ ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተ ነው። ሥራ በችሎታ እንጂ በጾታ አይከፋፈልም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሁሉም ይሸምናል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው። በአንድ ፈጣሪ እንደሚያምኑ ይናገራሉ፤ የአምልኮ ቤት ግን የላቸውም።

በእምነት አንድ አይደለንም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ግን እውነቱን እንናገር። በኤፌሶን 5 ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደደ እንዲወድ ታዟል፤ ይህን ቃል በየሠርጉ እናነባለን። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ግን እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ ወጥ ቤት የሚገባው ማን ነው? አንዱ የአውራ አምባ ሸማኔ ለባለቤቴ «ሚስትዎን ሥራ ያግዟታል?» ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ «ቡና እቆላለሁ» አለ። ሸማኔው መወርወሪያውን ሳያቆም «መጀመሪያ ነው» አለው። እስከ ወረታ ድረስ ስንስቅ ሄድን።

ባሕር ዳር

ጣና ሐይቅ ነው፤ የዳሩ ከተማ ስም ግን ባሕር ዳር ነው። ቀድሞ በአገራችን ሰፊ ውሃ ሁሉ ባሕር ይባል ነበር፤ ጣና ዳር የቆመ ሰው ማዶው ስለማይታየው አይፈረድበትም። የሐይቁ ስፋት ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን የሚያስደንቅ ነው፤ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም። 37 ደሴቶች አሉት፤ ብዙዎቹ ላይ ጥንታዊ ገዳማት ይገኛሉ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው እዚሁ ባሕር ዳር ነው።

ከጉና ብርድ በኋላ ከ2,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሐይቅ ዳር ሙቀት ማግኘት በራሱ ዕረፍት ነው። የተምር ዛፎቹ በጎዳናው ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ዓሣ በላን፤ በጀልባ ዓባይ እስከሚወጣበት ድረስ ሄድን። ደንገል በጠርዙ ቆሟል፤ ዓሣ አስጋሪው ከዚያው ደንገል በታሰረች ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀዝፋል። ታንኳዋ ውሃ ስትጠጣ ትከብዳለች፤ ስለዚህ ማታ ማታ ከውሃ አውጥቶ በፀሐይ እንድትደርቅ ዳር ላይ ያቆማታል። ባለቤቴ ይህን ሲያይ «ታንኳም ዕረፍት አላት» አለ።

ጀልባ ነጂውን ስለ እንቦጭ ጠየቅነው። ይህ አረም ጣና ላይ መታየቱ ሪፖርት የተደረገው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በብዛት የያዘውም የሰሜንና የምሥራቁን ዳር ነው። ከየአገሩ ሰው እየመጣ በእጁ ነቅሎታል፤ ማሽንም ገብቷል። አረሙ የሚመገበው ግን ከላይ ከደጋው ታጥቦ የሚመጣውን አፈርና ማዳበሪያ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን ሲያጥለቀልቁ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። የጉናው ገበሬ የነገረን ነገር እውነት መሆኑን ጣና ዳር ሆነን አየነው። ታች ላይ አረም መንቀል ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ላይ ጓሳው ካልተመለሰ ነቀላው አያልቅም።

ትዳርም እንዲሁ ነው ብዬ አምናለሁ። በምክር አገልግሎት ወደ እኛ የሚመጡ ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩልን ታች ያለውን ነው፤ የገንዘብ ጠብ፣ የአማት ነገር፣ የልጅ አስተዳደግ። ያም መነቀል አለበት። ግን ሁለቱ ለብቻቸው ሆነው የሚያወሩበት፣ የሚጸልዩበት፣ ዝም የሚሉበት ጊዜ ስንት ዓመት እንዳለፈው ስንጠይቅ መልሱ ከዚያ በላይ ይነግረናል። ያ ጊዜ ጓሳው ነው። ሲያዩት ሥራ የማይሠራ፣ ባዶ መሬት ይመስላል፤ ለዚህም ነው ቶሎ የሚታረሰው። በማርቆስ 6 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው መጥተው እንዲያርፉ የጠራቸው፣ የሚመጣና የሚሄድ ሰው በዝቶ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡበት ሰዓት ነበር።

እሑድ ባሕር ዳር ባለች አንዲት ጉባኤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ቃሉን ሰማን። ማንም አላወቀንም። ባለቤቴ ማስታወሻ እየያዘ፣ እንደ ማንኛውም ምዕመን፣ ስብከቱን ጨረሰ። ስንመለስ ሐሳቡን ለሽማግሌዎቹ አቀረበ፤ እነርሱም ጸልየው ተቀበሉት። ዛሬ ጉባኤውን ሦስት መጋቢዎች ያገለግሉታል። የባለቤቴ መድኃኒት አልቀረም፤ ግን ረቡዕ ማታ የእኛ ነው፤ ስልኩም ይዘጋል።

ለመሄድ ለምታስቡ

ይህን ጉዞ ለማንም ባልና ሚስት እመኛለሁ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ እንደሄድነው ዛሬ ሂዱ ለማለት አልደፍርም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ደብረ ታቦር ከተማ ላይም ከባድ መሣሪያ ወድቆ የአንድ ቤተሰብ አባላት ሞተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ በየጊዜው ይቋረጣል። አስተናጋጃችንን በስልክ ስንጠይቃቸው «እኛስ አለን፤ ጸልዩ» ይሉናል። ጎረቤታቸውም ደኅና ናቸው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ፤ ካልሆነ አትሂዱ። ሰላም ሲሆን ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ለጉና ጥሩ ነው፤ ወፍራም ልብስ፣ የዝናብ ካፖርትና ጠንካራ ጫማ ያዙ፤ የልብ ወይም የግፊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ። ባሕር ዳር የሚደርስ ሰው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውንና 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ያያል።

እስከዚያው ግን ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም። ለአዲስ አበባ ሰው ወንጪ ተራራውንም ሐይቁንም በአንድ ቀን ያሳያል፤ ቢሾፍቱም ቅርብ ነው። ለሁሉም ካልተቻለ ልጆቹን ለአክስታቸው ሰጥቶ አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮ በእግር መሄድ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ ያለ ስልክ፣ ምን ያህል ሰዓት አሳለፍን?

2. አሁን ከምንጋጭባቸው ነገሮች ውስጥ «ታች» ያለው የትኛው ነው? ምንጩስ «ላይ» የት ነው?

3. ከተሸከምነው ውስጥ ለሌላ ሰው ልናካፍለው የሚገባ ምንድን ነው? ለመናገር የምንፈራውስ ለማን ነው?

ለደቡብ ጎንደር ሕዝብ ሰላምን ለምኑ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።